የሐያት ማንቆርቆሪያ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ኃላፊያችን ሲስተር ውዴ ሽርጥ፣ አንድ ጥንድ ጓንትና ሰባት ፖፖ አስረከቡኝ። ፖፖዎቹን በየቀኑ በበረኪና አጥቤ ፀሐይ ላይ መድፋት የእኔ ድርሻ ሆነ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሬ ባሕር ዳር የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ማኩረፌን አልደብቅም። ሲስተር ኩርፊያዬን አይተው እንዳላዩ አለፉኝ።

የሕፃናት ማቆያችን ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ግቢው መካከል አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ረዳት ሆኜ ገባሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ሞግዚት ተባልሁ፣ አሁን የትልልቆቹ ክፍል ተጠሪ ነኝ። ትልልቆቹ የምንላቸው ሁለት ዓመት የሞላቸውን ነው። ዋናው ሥራዬ እነሱን ከዳይፐር ማላቀቅ ነው።

አሠራራችን ቀላል ነው። ልጁ ከበላ ትንሽ ቆይቶ ፖፖ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ የልጆች ዘፈን እስኪያልቅ ብቻ። መጣም አልመጣም ይነሣል። ከመጣ በሶፍት እንጠርገዋለን፣ እናጨበጭብለታለን፣ መዝገቡ ላይ ለሽንት «ሽ»፣ ለካካ «ካ» ብለን እንጽፋለን። በዚህ መንገድ ስንቱን ልጅ እንዳላቀቅሁ አላውቀውም። አንድም ልጅ አቅቶኝ አያውቅም እያልሁ ጀማሪዎቹ ፊት እጎርር ነበር።

ሐያት የመጣችው ሦስት ዓመት ሊሞላት አምስት ወር ሲቀራት ነው። እናቷ ዘይነባ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። እኛ ሦስት ዓመት ያለፈውን ልጅ አናቆይም፤ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ዳይፐር የታጠቀ ልጅ አይመዘግብም። ልጅቷ ካልለመደች ሱቋን ዘግታ ቤት ከመቀመጥ ሌላ መንገድ እንደሌላት፣ ሱቁን ለማቆም ደግሞ ስንት ዓመት እንደለፋች ዘይነባ አጫወተችኝ። ለእኔ ተይው አልኋት።

ሐያት ለቅሶ አታውቅም። ፖፖው ላይ ትቀመጣለች፣ ዙሪያዋን ትቃኛለች፣ ትነሣለች። ተነሥታ እጅ መታጠቢያው ጋ ትሄድና ኩባያ አንሥታ ውሃ ትቀዳለች። እኔ ኩባያውን ነጥቄ ቧንቧውን እዘጋለሁ፤ በውሃ መጫወት ክልክል ነው። ከሰዓት በኋላ ልትተኛ ዳይፐር ሲታሰርላት ሁሉንም እዚያው ትጨርሳለች። መዝገቡ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። አንድ ወር እንዲህ አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ።

በሦስተኛው ወር እልህ ያዘኝ። ሲጨንቃት ትቀመጣለች ብዬ ዳይፐሩን ከናካቴው አስቀረሁት፤ እናቷም ቤት እንዳታስርላት አሳመንኋት። ሐያት ግን ካካዋን ያዘችው። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ጠጥሮ ምሳ እምቢ አለች፤ ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ታጣምራለች። ፈራሁ። ሲስተር መጥተው ሆዷን ዳሰሱና ዳይፐሯን እንድመልስላት፣ ፓፓያና ውሃ እንዳበዛላት አዘዙኝ። አመሻሽ ላይ ተገላገለች። ያኔ ሲስተር ወደ እኔ ዞረው፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉኝ። የለቀምሁትን እኔ አውቃለሁ።

ለዘይነባ ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ ይታይሽ፣ በቃ አልሆነላትም። ሱቁን የሚረከበኝ ሰው እያነጋገርሁ ነው» አለችኝ።



አንድ ዓርብ ዘይነባ ስላልተመቻት ልጅቷን ሊወስዱ አያቷ እማማ ዘሃራ መጡ። ኑሯቸው ወረታ ነው፤ ሐያት ማቆያ እስክትገባ ያደገችው እሳቸው ዘንድ ነበር፣ ያን ሳምንት ሊጠይቋት መጥተዋል። ሲገቡ ልጅቷ ፖፖው ላይ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ዙሪያዋን ትቃኛለች። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዩ።

«ልጄ፣ ውሃዋሳ?» አሉኝ።

የምን ውሃ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የምትታጠብበት ነዋ። ይቺ እኮ እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ማንቆርቆሪያዬን ተሸክማ የምትከተለኝ ናት። ያለ ውሃ እንደማይገባ ታውቃለች።»

እኛ በሶፍት ነው የምንጠርግ ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ኩባያው ትዝ አለኝ። በየቀኑ ውሃዋን ልትቀዳ ስትነሣ በየቀኑ የነጠቅኋት እኔ ነኝ። ዘይነባም ብትሆን ልጇን በገንዳ ስለምታጥባት፣ ዳይፐር ለታጠቀች ሕፃን ማንቆርቆሪያ ማቅረብ አልታያትም ነበር። አፈርሁ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደስ አለኝ፤ ልጅቷ እምቢተኛ አልነበረችማ።

ሰኞ ጠዋት ዘይነባ ትንሽ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ቁርስ ከተበላ በኋላ ሐያት ራሷ ሞላችው፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ቧንቧውን አልዘጋሁባትም። ከፖፖው በስተቀኝ አስቀመጠችውና ቁጭ አለች። ዘፈኑን ጀመርሁ። እጇን እጀታው ላይ እንዳደረገች ፊቷ ቀላ፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ጨረሰች። ማጨብጨቡን ረሳሁት። ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን ሰጠችኝና ጀርባዋን አዞረችልኝ። እያለቀስሁ አጠብኋት።

ሲስተር መዝገቡን ራሳቸው አምጥተው «ካ» ብለው ጻፉ። እኔ ለዘይነባ ደወልሁ። ስነግራት «አልሐምዱሊላህ» አለችና፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት ስለሆነ ልትዘጋው እንደሆነ ነገረችኝ። ሱቁን ለማንም አላስረከበችም ማለት ነው። እፎይ ብዬ የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ለመነሣት ሁለት ሰው ረዳኝ።

ሐያት መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ማንቆርቆሪያው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

አሁን አዲስ ልጅ ስመዘግብ ስሙንና ዕድሜውን ከጻፍሁ በኋላ፣ ቤታችሁ ሽንት ቤት ስትገቡ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ ብዬ ወላጆቹን እጠይቃለሁ። አንድ አባት «ስልክ» አለኝ፤ እሱንም ጻፍሁት። ልጅ እምቢ ካለ የጎደለው ነገር አለ። እሱን ሳያገኙ ፖፖ ላይ ማስቀመጥ ልፋት ብቻ ነው።