ሰደፍ ያልጠረበው አናጢ

ዲርክ ኤዲገር እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ጭንቁም የመጣው ከዚያ ነው።

የኪቫ ገዥ የካኑ ግምጃ ቤት ሹም ጢሙን በጣቱ እየጠቀለለ፣ "ለዘበኞቹ ጠመንጃ መጥቷል፤ ሰደፉ ግን መንገድ ላይ ተሰነጣጥቋል። የቤተ መንግሥቱን ወለል እንደ መስታወት ያደረገው ኡስታ ዲርክ ነው፤ ሰደፉንም እሱ ይሥራው" አለ። በኪቫ እጁ የተመሰከረለትን ባለሙያ ሁሉ ኡስታ ይሉታል።

አስተርጓሚው ማትያቁብ ነገሩን ወደ ሩሲያኛ መለሰለት።

"ሰው መግደያ አልሠራም፣ እምነቴ አይፈቅድልኝም በልልኝ" አለው።

ማትያቁብ ወደ ሹሙ ዞሮ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። "ጌታዬ፣ ኡስታ በጣም አዝኗል። ዓይኑ እየደከመበት ነው። ወለል በእጁ እየዳበሰ ይሠራል፤ የሰደፍ ጥቃቅን ነገር ግን አይታየኝም ይላል።"

ሹሙ ከንፈሩን መጠጠ። "አይ ምስኪን!"

ዲርክ ሊናገር አፉን ከፈተ። የማትያቁብን አንገት አየ። ቀጭን ነው፤ ላብ ቁልቁል ይወርድበታል። አፉን መልሶ ዘጋ።

የኪቫን ሰዎች ቋንቋ ዲርክን ማንም አላስተማረውም። በጉልበቱ ተንበርክኮ ጣውላ ሲገጥም፣ ከጎኑ ጭቃ ከሚያቦኩት ሠራተኞች ለቃቅሞ ነው የያዘው። ማትያቁብ ግን የሚበላው አስተርጉሞ ስለሆነ፣ ዲርክ እንዳላወቀ ሆኖ ኖረ። ወባ ጥሎት በከረመበት በጋ ሐብሐብ ተሸክሞ እየመጣ በማንኪያ ያጎረሰውን ሰው እንጀራ መዝጋት አልፈለገም።

ደግሞም ዲርክ አገሩን የለቀቀው ጠመንጃ ላለመንካት ብሎ ነው። ቮልጋ ዳር ካለው መንደራቸው እንደ እሱ ጦር መሣሪያ የማይነኩት የእምነቱ ወገኖች፣ መኖናይቶቹ፣ የተነሡት የሩሲያው ዛር ልጆቻችሁን ለውትድርና አምጡ ባለ ጊዜ ነበር። አባቱ ወፍጮውን ሸጠ። ሴቶቹ ዳቦ ቆራርጠው አደረቁና በጆንያ ሞሉ። በሠረገላ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያም ወደ አሸዋው። ዲርክ ትንሿን ልጁን ሌናን እዚያ ቀበራት፤ መዝሙሩ ሳያልቅ ነፋሱ መቃብሯን ከሜዳው ጋር አስተካከለው። እስከ ዛሬ አሸዋ በመስኮት ሲገባ ዲርክ መጥረጊያ አያነሣም፤ ሚስቱ አጋነታ ናት የምትጠርገው። በመጨረሻ ካኑ ከኪቫ ወጣ ብሎ ያለ የአትክልት ቦታ ሰጣቸው። የሰጠ ሊነሣም ይችላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

"እና ምን አልክ?" አለችው አጋነታ ማታ ነገሩን ሲነግራት፣ ሊጥ እያሸች።

"ምንም።"

"ምንም ማለት ምንድን ነው?"

"ሰምቼ ዝም አልኩ።"

"እንግዲያ የዋሸው እሱ ነው። አንተ አልዋሸህም።"

"እኛ እኮ መሐላ የማንምለው ቃላችን ስለሚበቃ ነው፣ አጋነታ።"

"ብትናገርስ ኖሮ? ጀርባውን ይተለትሉት ነበር። ያ ይሻል ነበር?"

"እሱን ነው የማላውቀው።"

ከዚያ ወዲያ ዲርክ በሩን ዘግቶ መሥራት ጀመረ። በአጥሩ በኩል ፈረስ ባለፈ ቁጥር መላጊያው እጁ ላይ ይቆማል። ዓይኑ ደከመ የሚለው ወሬ ገበያ ደርሷል። አንድ ቀን አንድ ሐብሐብ ሻጭ ሮጦ መጥቶ ክንዱን ያዘው። "ቀስ በል፣ ኡስታ! ፊትህ ቦይ አለ!" ቦዩን ከሩቅ ያየው ዲርክ፣ እንደ ሕፃን ተደግፎ ተሻገረ፤ አመሰገነም። ምስጋናው ራሱ አፉ ውስጥ መረረው።

በሌላው ሳምንት ማትያቁብ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከብብቱ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ መነጽር ነው።

"ሹሙ ከታሽከንት አስመጣልህ። አድርገህ፣ ነገ መጥተህ ሰደፉን ጀምር ብሏል። እባክህ፣ አድርገውና አሁንም አይታየኝም በል። ምን ከባድ ነገር አለው?"

ዲርክ መነጽሩን ተቀብሎ በሐሩ መልሶ ጠቀለለው። ከዚያ በሩሲያኛ ሳይሆን በማትያቁብ በራሱ ቋንቋ፣ "አልችልም" አለ።

ማትያቁብ ደንግጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ታውቃለህ? ያን ቀን... ሰምተሃል?"

"ሁሉንም።"

"እንግዲያ ያን ቀን መዋሸት ችለህ ነበር! ዛሬ ጻድቅ ሆንክ? ኡስታ፣ ለአንተ እውነት ዋጋውን የሚከፍለው የእኔ ጀርባ ነው እኮ!"



በማግስቱ ሁለቱ ሹሙ ፊት ቆሙ። ዲርክ መነጽሩን ከነጨርቁ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

"ዓይኔ ደኅና ነው፣ ጌታዬ" አለ፣ በተሰባበረ አነጋገር። "ቋንቋዎንም እሰማለሁ። ይህ ሰው ለእኔ አዝኖ ተናገረ። እኔ ግን አውቄ ዝም አልኩ፤ ስለዚህ ውሸቱ የእኔ ነው። ቅጣትም ካለ የእኔ ነው። ሰደፍ አልሠራም።"

ሹሙ ጢሙን መጠቅለል አቆመ። "ሌባ ቤትህ ቢመጣስ?"

"መጥቶ ያውቃል። ፈረሴን ወሰደ።"

"አንተስ ምን አደረግህ?"

"የኋላ እግሯን ያማታል፣ ድንጋይ ላይ አታስሩጣት አልኩት።"

ሹሙ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዘበኞቹም ሳቁ። ዲርክና ማትያቁብ ብቻ አልሳቁም። ሳቁ እንዳበቃ ሹሙ እንባውን ጠረገ፣ ድምፁም ተለወጠ። ዲርክ ዳግመኛ የቤተ መንግሥቱን ደጃፍ እንዳይረግጥ አዘዘ። ማትያቁብም ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚ አይደለም፤ አለመገረፉን እንደ ስጦታ ይቁጠረው።

ከበሩ ሲወጡ ዲርክ "ማትያቁብ" ብሎ ጠራው። ማትያቁብ ዞሮ አላየውም።

የጌታ እራት የሚወሰድበት እሑድ ተቃረበ። በመኖናይቶች ዘንድ ከሰው የተጣላ ከእራቱ አይካፈልም፤ አስቀድሞ ይታረቃል። በዋዜማው ሰው ሁሉ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ስለ ዶሮም ስለ ቦይ ውሃም ይቅር ይባባላል። ዲርክ ወደ ጉባኤው ሽማግሌ ወደ ባርትሽ ሄደ።

"ነገ አልካፈልም" አለ።

"ከማን ተጣልተህ፣ ወንድም ዲርክ?"

"ከማትያቁብ።"

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። "እሱ እኮ ከእኛ ወገን አይደለም። ሥርዓቱ ለወንድሞች ነው። ደግሞስ እውነት ስለተናገርክ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው?"

"ስለ እውነቱ አይደለም። ስለ ዝምታዬ ነው። ያኔውኑ፣ ገና ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ፣ እኔው በቋንቋቸው ብናገር ኖሮ እሱ ምንም ባልደረሰበት። የፈራሁት እኔ ነኝ፤ የከፈለው እሱ ነው።"

በማግስቱ ወንድሞቹ በጸሎት ቤቱ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ የዲርክ ቦታ ባዶ ነበር። ባርኔጣውን ጨብጦ በአቧራው መንገድ ወደ ኪቫ ይሄድ ነበር። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ቆይቶ፣ የማትያቁብ በር ጋ ሲደርስ ሁሉም ጠፋበት። አንኳኳ። መልስ የለም። ተመልሶ ሊሄድ ዞረ፤ አልሆነለትም። እንደገና አንኳኳ።

በሩ ገርበብ አለ። ማትያቁብ ከስቷል፤ እጁ ላይ የጡብ ጭቃ ደርቋል።

"ደግሞ የምን እውነት ይዘህ መጣህ?"

"ይቅርታ ይዤ ነው።"

ማትያቁብ በሩን አልዘጋም፤ አልከፈተውምም። "ይቅርታህን ልጆቼ አይበሉትም።"

"አውቃለሁ። ጡብ ስትሠራ አብሬህ ላቡካ። እጄ ደኅና ነው።"

"ዓይንህስ?"

ዲርክ ቀና ብሎ ለማየት ፈራ። ማትያቁብ በረጅሙ ተነፈሰና ከበሩ ገለል አለ።

"ግባ። ግን ስማ፣ ሹሙ እዚህ ጡብ እንደምሠራ አያውቅም፤ ካወቀ ይህንንም ይነሣኛል። ማንም ቢጠይቅህ..."

"ከጠየቁኝማ..." ብሎ ዲርክ ጀመረ።

ማትያቁብ በጭቃማ እጁ አፉን ከደነለት።