መስታወቱን የነካው ጣት

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ፤ ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ።

ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ መሃል በተከራየናት ወርክሾፕ ውስጥ ስፔክትሮሜትር እንሠራ ነበር። ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ለያይቶ፣ ብርሃኑ ያረፈበት ነገር ከምን እንደተሠራ የሚናገር መሣሪያ ነው። የኛው ከውጭ አገር ቡድን ጋር የምንነድፈው ሲሆን፣ በጠፈር መንኮራኩር ተጭኖ አስትሮይድ ለማጥናት የሚሄድ ነበር። አስትሮይድ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ውሃ አለ? ለሕይወት መነሻ የሚሆን የካርቦን ውህድስ? እኔ ምግብ እየበላሁ እንኳ ይህንኑ የማስብ ሰው ነበርኩ።

ኑሪያ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ አቃቂ በሰቃ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው። የመሣሪያውን መስታወቶች የነደፈችው እሷ፣ የምታጸዳቸውም እሷ ነበረች። ውጭ አገር ሄዳ መሣሪያውን መንኮራኩሯ ላይ እንድትገጥምም ተመርጣ ነበር። አልቀናሁባትም። ቀንቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምክንያቴን አውቀው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ቀረሁ። የመጋዘኖቹ የከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ ሲገቡ መሬቱ መንቀጥቀጡን ስለሚተው፣ ሙከራ የምናደርገው በዚያ ሰዓት ነው፤ የዕለቱ ተረኛ እኔ ነበርኩ። መሣሪያው ደረቅ አየር የተሞላ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም። ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ድንጋይ ስናሳየው ድንጋዩን ያውቃል። እኔን ቢያየኝስ ምን ይላል?

ጓንቴን አወለቅኩ። ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ብርሃኑ ፊት አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ብርሃኑን የሚያሳየው መስመር ውሃ በሚታወቅበት ቦታ ቁልቁል ወረደ፤ ቀጥሎ ካርቦን በሚታወቅበት ቦታ ትንንሽ ጥርስ አወጣ። የቆዳዬ ወዝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ልንፈልገው ያሰብነውን ምልክት የገዛ ጣቴ ላይ አገኘሁት። ብቻዬን ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። እጄን ሳወጣ ግን መስታወቱን ነካሁ። በሶፍት ጠረግኩትና ክዳኑን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ሳናስገባ ባዶውን ስንሞክረው መስመሩ በካርቦኑ ቦታ ጎደጎደ። እንዲህ ሆኖ ቢሄድ መሣሪያው ከምድር የወሰደውን ወዝ «አስትሮይድ ላይ አገኘሁ» ሊለን ነው። አለቃችን ኢንጂነር ጌታሁን መነጽራቸውን አወለቁ።

«መስታወቱን ማነው ያጸዳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ኑሪያ።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«አላውቅም... ምናልባት እጄ ላይ የቀረ ነገር ይሆናል።»

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ያን ቃል ምን ያዘብኝ? ፍርሃት ነው እንዳልል፣ ከተግሣጽ በላይ ምን ይደርስብኝ ነበር? ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ።

መስታወቱ ተቀየረ። ኑሪያ ከጉዞው ቀረች፤ በምትኳ እኔ ሄድኩ። መሣሪያውን በዚህችው እጄ ገጠምኩ፤ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ስመለስ ኑሪያ ሥራውን ለቃ ቀለም ፋብሪካ ገብታ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ በቅርቡ፣ ከኮዬ ፈጬ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ ተገናኘን። አቅፋ ሳመችኝ።

«ሰናይት፣ ያ ነገር በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ?» አለችኝ። «እስካሁን አስባለሁ እኮ። ዛሬም ጓንት ደርቤ ነው የምሠራው። እጄን አላምነውም።»

«አልታወቀም» አልኳት። አየሽ አንቺ ሰናይት? ያኔ ዝም ነበር ያልሽው፤ አሁን ዋሸሽ። የወሰድኩባት ጉዞውን ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ለካ እጇንም ወስጄባታለሁ።

ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋችኝ።

«ጣትሽን ስታስገቢ መስመሩ ምን ይመስል ነበር?»

በአየር ላይ እየሳልኩ አሳየኋት። ዓይኗ እንደ ድሮው በራ። «የካርቦኑ ጥርስ ስንት ነበር? ከውሃው ጋር አልተደባለቀም?» ሁሉንም ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። ለአፍታ ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተነስታ በሩን ከፈተች።

«ለኔ ብቻ ነግረሽ አትገላገይም። በኔ ላይ የተባለው ሰው ፊት ነው የተባለው። አንቺም ሰው ፊት ተናገሪ። ስሜንም ጥሪ።»

ለኢንጂነር ጌታሁን ሰኞ ነገርኳቸው። ለእናንተ ደግሞ ይኸው። ይቅርታ አልለምንም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው ብዬም አላመካኝም። ማወቅ የፈለገችው ኑሪያም ነበረች፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ያን መስታወት የነካሁት እኔ ሰናይት ነኝ። የኑሪያ እጅ ንጹሕ ነበር።