መሪዋን የተመታችው መርከብ

ከስኪፖል ወደ ዴንሃግ

ቅዳሜ ጠዋት ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት የጽዳት ሥራዬ ወጥቼ፣ ቢልመር ወዳለው ቤቴ በመሄድ ፈንታ የዴንሃግን ባቡር ያዝኩ። ወገቤ ተቆርጦ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ መኮንን፣ ሮተርዳም የሚገኝ አንድ ሙዚየም የጥንት የጦር መርከብ ሞዴል እንደሚያሳይ ሰምተው «ውሰጂኝ» ካሉኝ ሳምንታት አልፈዋል። ጣቢያው ላይ ሮላተራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ያ የሚገፉት ባለ ጎማ መደገፊያ ባቡሩ በር ላይ ተሰንቅሮ አስቸገረን፤ አንዲት ሴትዮ አነሳችልን።

ሮተርዳም

እስከ ወደቡ ድረስ ነፋስና ካፊያ ነበር። መንገድ ላይ ጥብስ ድንች ገዝተን ቆመን በላን።

«ጋሼ፣ ብንመለስስ?»

«ደርሰናል» አሉኝ።

መርከቢቱ መስታወት ሣጥን ውስጥ ናት፤ ከአልጋ አትረዝምም። ሬ ዲታልያ የምትባል የጣሊያን መርከብ ነበረች። በእንፋሎት ሞተር ትሄዳለች፤ ሞተሩን ገና ያላመኑት ሠሪዎቿ ግን ሸራም ጨምረውላታል። አካሏ እንጨት ነው፣ ጎኗን በወፍራም ብረት አልብሰውታል። ፀጉሯ የሸበተው አስጎብኚ በሆላንድኛ የምትለውን ለጋሼ ተረጎምኩላቸው፦ ከኋላ ውሃ ውስጥ ያለውን መሪ ብረቱ አልሸፈነውም። በጦርነት ጊዜ መሪዋ ተመታ። ከዚያ በኋላ ወደፊትና ወደኋላ ከመሄድ በቀር መዞር አቃታት። ቆማ ሳለች የጠላት መርከብ በብረት አፍንጫው ጎኗን ወጋት፤ ወዲያው ሰጠመች።

«መሪ ያዡ ምን አደረገ? ጠይቂያት።»

«ቢያዞርም የሚታዘዝለት ነገር አልነበረም» አለች።

ጋሼ አግዳሚ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። አባቴ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ የጦር ጀልባ መሪ ያዥ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጀልባው ተመትቶ አባቴንና ብዙ ጓዶቹን ይዞ ሰጠመ። የተረፉት «መሪ ያዡ ፈርቶ ደርቆ ቀረ» አሉ፤ ወሬው ሰፈራችን ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ሥራው አንስታ አታውቅም። እኔም።

«የአባትሽ ጀልባ ምን እንደደረሰበት አላውቅም» አሉ ጋሼ፣ ሞዴሉን እያዩ። «እዚያ አልነበርኩም። ፈራ ያሉትም ግን መሪው አጠገብ አልነበሩም።»

«ለዚህ ነው ያመጡኝ?»

«ታዲያ በዚህ ጉልበቴ አሻንጉሊት ለማየት ነው የመጣሁት?»

ወደ ቤት

እሳቸውን ዴንሃግ አድርሼ ብቻዬን ስመለስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የአባቴን ንጽሕና ማንም አላረጋገጠልኝም። አለማወቅና ማፈር አንድ አለመሆናቸውን ግን ከዚህ ጉዞ ተማርኩ።

ቢልመር ስደርስ እግሬ አብጦ ነበር። ልጄ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ «የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ሮተርዳም፣ መርከብ ሳይ።»

«መርከብ? ዋሮም?» አለች፣ ለምን ማለቷ ነው።

«አያትሽ የጦር ጀልባ መሪ ያዥ ነበር» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና የማውቀውንም የማላውቀውንም ነገርኳት።