አባቴ ለሲስተሯ ያልነገራት

«ከእኛ ኋላ የመጣችው ለምን ቀድማ ገባች?»

«ወንድሜ፣ ድንገተኛ ክፍል ወረፋው በመምጫ ሰዓት አይደለም» አለችኝ ሲስተሯ፣ የግፊት መለኪያውን ከአባቴ ክንድ እየፈታች። «ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው። የአባባ ግፊትም ትኩሳትም ደህና ነው። አባባ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«ጨጓራዬን ነው ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀላል ነው።»

«ጠዋት አስመልሶት የለ እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ይመር፣ ከሰው ልጅ ጋር አትጨቃጨቅ። እኔ ደም ፈሰሰኝ?»

አረንጓዴ ካርድ ሰጠችን። ትሪያጅ የሚሉት ይህን ነው፤ ቀይ ወዲያው ይገባል፣ አረንጓዴ ግቢውን ተሻግሮ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ይይዛል።

ሕመሙ የጀመረው ጠዋት አምባሰል፣ ቤታችን ደጅ ላይ ነው። የማሽላ ኩንታል ሊያነሳ ጎንበስ አለና መልሶ አስቀመጠው። ቁጭ አለ። እኛንም ጨጓራ ነው አለን። ወደ ሐይቅ ከተማ ሆስፒታል ስንመጣ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር ጉልበቴን ይጨብጥ ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት እኔን ይዞ አያውቅም።

አግዳሚው ላይ ሁለት ጊዜ ተራችን ደረሰ። ሁለቱንም ጊዜ ልጅ ላዘሉ እናቶች ለቀቀ። እኔ በራሴ ተምሬ ግጥም የምገጣጥም፣ ቃል አያጣም የሚባልልኝ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን አፌ ውስጥ የነበረው «እባካችሁ» ብቻ ነበር።

ከዚያ አስመለሰው። ትውከቱ አረንጓዴ ነው። ላቡ ቀዘቀዘ። ሆዱ ተነፋ። መልስ መስጠት አቆመ።

ሲስተሯን ልጠራ ሮጥኩ። እንዳየችው ካርዱን በቀይ ቀየረችና በጋሪ አልጋ ወደ ድንገተኛ መለሰችው። በዕድሜ የገፋ ዶክተር መጣ። አባቴን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ።

«ሁላችሁም ውጡልኝ።»

«ልጁ ነኝ!»

«ለዚሁ ነው።»

ተመልሰን ስንገባ የአባቴ ሽርጥ ተፈትቷል። ብሽሽቱ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ነበር።

«ቡአ ነው፤ ኸርኒያ» አለ ዶክተሩ። «አንጀቱ ወጥቶ ታንቋል። የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ደሴ ሪፈር ጽፌያለሁ፤ ደውለንላቸዋል፣ ይጠብቋችኋል።»

ለዓመታት እብጠቱን በእጁ ወደ ውስጥ እየመለሰ፣ ሽርጡን እያጠበቀ ኖሯል። ልጁን በምታህል ሴት ፊት፣ በእኔም ፊት፣ ብሽሽቴ ማለት አፍሮ ጨጓራ አለ። እኔ ደግሞ ለእሱ የተከራከርኩ መስሎኝ ካጠገቡ ንቅንቅ አላልኩም።

አምቡላንሱ ውስጥ «አፉ በለኝ፣ ደብቄህ ነው» አለኝ። እጁን አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩለት።

ደሴ ላይ የሞተውን አንጀት ቆርጠው ቀሪውን ቀጠሉት። ከዚያ ቀን በቀን፣ መጀመሪያ በአፍንጫው የገባው ቱቦ ወጣ፣ ቀጥሎ ሆዱ ጥቂት ማንኪያ ሾርባ ያዘለት፣ ኋላም ግድግዳውን ይዞ እስከ መስኮቱ እየሄደ የዝናቡን ነገር ይጠይቀኝ ጀመር።

ሰው ይዛችሁ ለምትመጡ ይህን እላለሁ። ካርድ የሚሰጠው በታየውና በተነገረው ነው፤ ሕመሙ ከባሰ ተመልሳችሁ ንገሩ። የቡአ እብጠት አልመለስ ካለና ካስመለሰ ቀን አይሰጥም። ለዚያ ዶክተር፣ ካርዱን ለመቀየር ላላመነታችው ሲስተር፣ ለሾፌሩም አላህ ይስጥልኝ።

ቁስሉን ለማሳየት ሐይቅ ስንመለስ ያገኘናት እሷኑ ነው።

«አባባ፣ ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?»

አባቴ ዞሮ አየኝ። «አልሐምዱ...» ብሎ ጀመረ።

«ወንድ ባለሙያ ልጥራልዎት?»

«ተይው ልጄ፣ ላንቺ እነግርሻለሁ። ብቻ ይኼ ይውጣ።»

ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።