ጠበቃችንን የመረጥን ቀን

ኤፒፋኒዮ ላሪዮሳን ምክር ቤት የላክነው እኛው ነን። ማንም አላስገደደንም። ፊቱ የታተመበትን ካናቴራ ለብሰን፣ ዝናብ እየደበደበን ተሰልፈን መረጥነው። አይ የኛ ነገር!

የአገዳ ቆራጭ ልጅ ነው። አባቱና ባሌ አንድ ማሳ ላይ ነው ወገባቸው የጎበጠው። ማኒላ ሕግ ተምሮ ሲመለስ፣ ጓደኞቹ የባለርስቱን ደጅ ሲጠኑ፣ እሱ ማሳው ለኛ ለቆራጮቹ ይከፋፈል ያልንበትን የመሬት ክርክር ያዘ። የምንከፍለው ደረቅ ዓሣና ሩዝ ነበር። ችሎት ሲቆም ግን እግዜር ያሳያችሁ! የባለርስቱ ምስክሮች ገና ሲያዩት ላብ ያጠምቃቸው ነበር።

እኛ ደግሞ አላርፍ አልን። «ሕግ የሚወጣበት ቦታ ይግባልን!» አልን።

«ናንግ ሉዲ፣ ይተዉኝ፤ እኔ ችሎት ነው የምወደው» አለኝ። «ናንግ» የሚለኝ እንደ ታላቅ እህት ሲያከብረኝ ነው።

«ዝም በል አንተ! ትልቅ ሰው ሆነህ እንይህ እንጂ!» አልኩት።

ምክር ቤት የገባ ሰው ችሎት ቆሞ መሟገት አይፈቀድለትም። ይኼንንም ነግሮን ነበር። «ሌላ ጠበቃ እተካላችኋለሁ፤ እኔ እዚያ ሕጉን ራሱን አስተካክላለሁ» ሲለን አጨበጨብን።

ያረቀቀው ሕግ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ። እሱ በየሰርጉ የሙሽሮች የክብር አባት ሆኖ ይፈርማል፣ በየለቅሶው ይደርሳል፣ ሪባን ይቆርጣል። ቦርጭም አወጣ።

ክርክራችን የሚያልቅበት ቀን እሱም ችሎት መጥቶ ከኛ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የባለርስቱ ምስክር፣ «መሬቱ የከብት ግጦሽ ነው፣ በሕጉ ለገበሬ አይከፋፈልም» አለ። ዕድሜ ልካችንን አገዳ የቆረጥንበትን! አዲሱ ጠበቃችን ወረቀቱን ያገላብጣል። ኤፒፋኒዮ አላስቻለውም፣ ብድግ አለ።

«ከብቶቹ ውሃ የሚጠጡት የት ነው? አንድ ጉድጓድ አሳየኝ!»

ምስክሩ ዞሮ ባለርስቱን አየ።

«ክቡርነትዎ፣ ይቀመጡ» አሉ ዳኛው። «እዚህ ጠበቃ አይደሉም።»

ተቀመጠ። ጥያቄውንም የደገመው የለም። ተፈረደብን።

ውጭ፣ መኪናው አጠገብ ያዝኩት።

«ምክር ቤቱን ለቀህ ብትመጣልን ምን ነበረበት?»

«አስቤው ነበር፣ ናንግ። ባለፈው ዓመት መልቀቂያዬን ጽፌ ነበር።»

«ታዲያ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ወንበሩን ወደድኩት» አለኝ።

ከዳኛው ፍርድ ይልቅ ይቺ ቃል ገደለችኝ። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የባለርስቱ ትራክተሮች መጥተው ቤቶቻችንን ከነምሰሷቸው ነቀሏቸው። አሁን ከወንዙ ማዶ በላስቲክ ቤት ነን። ዘንድሮም ለምርጫ መጣ። አቅፎኝ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ሲሄድ አዲስ ካናቴራ ሰጠኝ፤ ዝናቡ በላስቲኩ ገብቶ ደረቅ ልብስ ስላላስቀረልኝ ለበስኩት።