አባዬ ያላስነካኝ ካቻቢቴ

ትናንት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ብሬከሩ ተቃጠለና የሽቦው ሽታ ቤቱን ሞላው። ጎረቤቴ እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመው፣ "አንቺ ኢንጂነር አይደለሽ እንዴ? ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። ስልኬን አነሳሁ።

ያ ሽታ የአባዬ ሽታ ነው። ሾላ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ምሳውን ላደርስ ሄጄ፣ ከተከፈተ ሬዲዮ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ አየሁ። ልሞክር ብዬ ካቻቢቴውን ሳነሳ አባዬ እጄን መታኝ።

"አትንኪ! ይሄ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው። አንቺ ኢንጂነር ትሆኛለሽ። ኢንጂነር ያዛል እንጂ አይፈታም!"

የተቆጣኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ለካ እየመረቀኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ምርቃት ይቅርብኝ!

አምስት ዓመት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማርኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ወንዶቹ ሲገጥሙ እኔ ሪፖርት እጽፍ ነበር፤ "ጽሑፍሽ ያምራል" እያሉ። ዛሬም ቢሮ ቁጭ ብዬ ሌሎች የዘረጉትን መስመር በወረቀት አጸድቃለሁ።

ብሬከሩን የቀየረልኝ ደውዬ የጠራሁት ሠራተኛ ነው። ዲግሪዬ ሳሎን ተሰቅሎ ያየናል። የተሰቀለበትን ሚስማር እንኳ የመታው አባዬ ነው።