እህቴ የጠረገችው ጄል

እናቴ ወባ የማይጠፋበት ቆላ፣ ዲምቱ፣ ለቅሶ ደርሳ፣ እዚያው ሰንብታ ቦዲቲ ቤቷ ስትመለስ አተኮሳት። ጤና ጣቢያ ሂጂ ብትባል «ልጄ የደም መመርመሪያ ትሠራ የለ? እሷ ትምጣ» ብላ ድርቅ አለች። እኔም ጉራ አላጣም፤ ሶዶ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ገና የምንሞክረውን መሣሪያ በቦርሳዬ ይዤ ከች አልኩ።

መሣሪያው ከመዳፍ አይበልጥም። ጠብታ ደምና የመመርመሪያው ፈሳሽ፣ መስታወት ውስጥ ባለች ፀጉር በምታህል ቦይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ በራሳቸው አይደባለቁም። ከሥር ያለች ትንሽ ብረት ጆሮ በማይሰማው ድምፅ መስታወቱን ስታንቀጠቅጠው ነው የሚደባለቁት፤ ያኔ ወባ ካለ ሰማያዊ መስመር ይወጣል። ድምፁ ከብረቷ ወደ መስታወቱ እንዲያልፍ ግን መሃላቸው ጄል መቀባት አለበት፤ ያው እርጉዝ ሴት በአልትራሳውንድ ስትታይ ሆዷ ላይ የሚቀባው ዓይነት።

ብረቷ ላይ ጄሉን ቀብቼ የእናቴን ጣት ልወጋ ዞር አልኩ። ታላቅ እህቴ ደግሞ የሚያጣብቅ ነገር ካየች እጇ አያርፍም፤ ቤቷ ውስጥ አንዲት ዝንብ እንኳ ተዝናንታ አታርፍም። በነጠላዋ ጫፍ ብረቷን እስክታብረቀርቅ ጥርግ አደረገቻት። እኔ አላየሁም። ደሙን ጨምሬ መስታወቱን አስቀመጥኩ፤ መስመር አልወጣም።

«እሰይ፣ ነጻ ነሽ» አልኳት። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ እየተንዘፈዘፈች ሳቀች።

ዕቃዬን ስሰበስብ ብረቷን ነካኋት፤ ደረቅ ናት። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ደሙ በአንድ በኩል፣ ፈሳሹ በሌላ በኩል፣ ጭራሽ አልተነካኩም። ክው አልኩ። ሌላ መስታወት አልያዝኩም።

«እማዬ፣ መሣሪያው አልሠራም፤ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ነጻ ነሽ አላልሽም? የገዛ ልጄን ሥራ ካላመንኩ ማንን ልመን?»

የምኮራበትን ነገር እያጣጣልኩ ለመንኳት። «ዛሬ ይሄ ቆርቆሮ ነው፤ በሞቴ ተነሽ» አልኳት። «ጄሉን ማን ጠረገው?» ስል እህቴ ያደረገችው ገብቷት ማልቀስ ጀመረች፤ እናቴ የተነሳችው እሷን ዝም ለማሰኘት ይመስለኛል።

ጤና ጣቢያ ደሟ ሲታይ ወባው ተገኘ፤ በርትቶባታል። ነርሷ መድኃኒቱን እያዘጋጀች «ደግ አደረጉ እማማ፣ ቢቆዩ ይከፋ ነበር። እንዴት ጠረጠሩ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ከማፈሬ የተነሳ መሬት መሬቱን አየሁ።

እናቴ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወደ እኔ ጠቆመች። «ልጄ ናታ» አለች፤ «በሠራችው መሣሪያ አይታ ነው ያመጣችኝ።»